ግድግዳ ላይ የተቸነከረው ውጤቴ

ምክር እንደ ውኃ ነው፤ ዝቅ ወዳለው ይፈሳል። ዝቅ ማለት ደግሞ በቁመት ብቻ አይደለም፤ ዝም ማለትም ዝቅ ማለት ነው። ለተናጋሪ ሰው መካሪ አይበዛለትም፤ መካሪው ጉሮሮውን እስኪጠርግ እሱ ሦስት ነገር ተናግሮ ይጨርሳልና። ዝምተኛው ግን ሜዳ ነው። በዚያ ላይ እንደ እኔ ልጅ ያዘለች፣ እንደ እኔ ትምህርቷን ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ያቋረጠች ከሆነችማ፣ ባሮ በክረምት ሞልቶ የሚተኛበት ሜዳ ናት። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ይመከራል እንጂ።

እኔ መሐንዲስ ልሁን ብዬ አልተነሣሁም። ነገሩን ያመጣው ሙቀት ነው። ጋምቤላ ኖሮ የማያውቅ ሰው ቬንትሌተርን የቤት ዕቃ ይመስለዋል። እዚህ ቬንትሌተር የቤተሰብ አባል ነው፤ ሲታመም ሁሉም ይታመማል። ባለቤቴ ደረጀ ነርስ ነው። ተረኛ ሆኖ አድሮ ጠዋት ሲመጣ ቬንትሌተሩ ሥር ካልተኛ እሱም በሽተኛ ይሆናል። ይኼው ቬንትሌተራችን በአንድ በጋ ሦስት ጊዜ ተበላሸ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጠጋኝ መጣ። ጠጋኙ ስለ ኳስ ያወራል፤ እኔ ልጄን ሶልያናን አዝዬ ቆሜ እጁን አያለሁ። ስለ ኳሱ ዛሬም ምንም አላውቅም። በአራተኛው ጊዜ ግን ደረጀ ከሥራ ሲመለስ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ማን ሠራው አለኝ፤ እኔ አልኩ። ማን አሳየሽ አለኝ፤ ጠጋኙ ነዋ፣ እያሳየኝ መሆኑን ግን አያውቅም አልኩት። ያን ቀን ይኼን ያህል ቃል በመናገሬ ራሴም ደነገጥኩ።

ከዚያ የጎረቤታችን የአሪየት የተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ መጣ። አሪየት ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጥ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ በመዘምራን ፊት የምትቆም፣ ድምፅዋ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። አማርኛዋ አጭር ነው፤ እንደ ቢላዋ። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ በከተማችን እኩልነትን ከእሷ በፊት ያወጀ የለም። ምድጃው ሲግል አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ዓሣ ከምትሸጥለት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግቢ ያየችውን ነገረችኝ፤ «ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ኤሌክትሪክ አለ። ዓርብ ዐሥር ሰዓት ይዘጋል። ሂድ ተመዝገብ» አለችኝ። እኔ ትምህርት ትቻለሁ ብላት «አንተ ትተሃል። እጅህ አልተወም» ብላኝ ምድጃዋን ይዛ ሄደች።

እንግዲህ ይኼ ዓርብ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ዐሥራ አንደኛ ክፍል በተወለድኩበት በመቲ ስማር እናቴ ታመመችና «ለሚቀጥለው ዓመት» ብዬ አቋረጥኩ። እናቴ ዳነች፤ ዛሬ ጫካ ገብታ ቡና ስትለቅም የሚደርስባት የለም። እኔ ግን አልተመለስኩም። የሚቀጥለው ዓመት ሰርግ ይዞ መጣ፤ ከሱ የሚቀጥለው ጋምቤላን፣ ከዚያ የሚቀጥለው ሶልያናን። አምስት የሚቀጥሉ ዓመታት አልፈውኛል፤ ባሕርያቸውን አውቀዋለሁ። ይኼ ዓርብ ካመለጠኝ ስድስተኛው መቼም እንደማይመጣ ልቤ ነግሮኛል።

ደረጀ ሲሰማ ከተኛበት ተነሥቶ ተቀመጠ። «ኤሌክትሪክ? ልጅ አዝለሽ ምሰሶ ልትወጪ?» አለ። ቀጥሎም ለበሽተኛ በሚናገርበት ቀሰስ ያለ ድምፅ ከጤና የሚሻል ሙያ እንደሌለ፣ ፋርማሲ ብማር ጥላ ውስጥ ተቀምጬ ክኒን እየቆጠርኩ እንደምኖር አስረዳኝ። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ነገር ግን ዓለምን ለሁለት ይከፍላታል፤ ነጭ ጋዋን የለበሰና ተራ የሚጠብቅ።

አከራያችን ጋሽ ታምሩ ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ግቢው ማንጎ ሥር ወንበር አውጥተው አስቀመጡኝ። የኒውተንን ሕጎች ጠየቁኝ። ሁለቱን አልኩ፤ ሦስተኛዋ ላይ ሶልያና አለቀሰች፤ ለድርጊት ሁሉ እኩል አጸፋ አለ ማለት ይኼው ነው። ጋሽ ታምሩ ግን አልተረቱም። «መሐንዲስነት በር አለው፤ በሩም ዩኒቨርሲቲ ነው። ቴክኒክና ሙያ ጓሮ ነው። ሰው ዋናው በር እያለ በጓሮ ይገባል?» አሉኝ። መንገዱንም ዘረጉልኝ። ዐሥራ አንደኛን እንደገና፣ ዐሥራ ሁለተኛን ቀጥዬ፣ ብሔራዊ ፈተናውን፣ ካለፍኩ ዩኒቨርሲቲ፣ እሱም ወደ ደረሰኝ አገር፣ አምስት ዓመት። በጣታቸው ሲቆጥሩ አንደኛው እጅ አልቆ ሌላኛውን ጀመሩ። እኔም በልቤ የሶልያናን ዕድሜ ደምሬ አየሁት፤ አብረን ልንመረቅ ምንም አልቀረንም። ኮሌጁ የሚለው ግን ሌላ ነው። በደረጃ ትማራለህ፣ በየደረጃው ትፈተናለህ፣ ሥራ ትይዛለህ፣ ከፈለግህ ከዚያ ላይ ተነሥተህ ወደ ዲግሪ ትቀጥላለህ። ዋናው በር የተቆለፈበት ሰው በጓሮ ቢገባ ሌባ አይባልም፤ በጓሮ የሚገባ ቤተኛ ነው ልላቸው ፈልጌ ነበር። ዝም አልኩ። ጋሽ ታምሩም ዝምታዬን እንደ ስምምነት ቆጥረው ደስ አላቸው።

ሦስተኛው መካሪ ኢንጂነር ብርሃኑ ነው፤ የደረጀ ጓደኛ። በእኛ ከተማ ቢጫ ሄልሜት ያጠለቀ ሁሉ ኢንጂነር ነው። ብርሃኑ የሕንፃ ሥራ ቦታ ላይ የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ሲሚንቶ ያስረክባል፣ ያስፈርማል። ማዕረጉን ግን አንድ ቀን አስተባብሎ አያውቅም፤ ሰው የሰጠውን ስም መመለስ ነውር ነው መሰለኝ። «ሲቪል ካልሆነ ኢንጂነር አይባልም። ኤሌክትሪክ አይታይም፤ የማይታይ ነገር ምኑ ሙያ ነው?» አለኝ።

እኔ ግን የማይታየው ነገር ሲጠፋ ከተማው እንዴት እንደሚታይ አውቃለሁ። አሁንም ዝም። ዝም ብዬ ረቡዕ ማለዳ ኮሌጁ ሄጄ የሚጠየቀውን አነበብኩ። ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው የዐሥረኛ ክፍል ውጤት ዋናው ቅጂ ነው። ማንም ሰው ሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ ጀርባው ላይ ማኅተም ያርፍበታል። የእኔ ዋና ቅጂ ያለው መቲ፣ አባቴ ዘንድ ነው። ደወልኩ።

አባዬ፣ ውጤቴ አለ ወይ አልኩት። «አለ» አለ። በሚኒባስ ላክልኝ አልኩት። አባቴ ዝም አለ፤ ዝምታው የእኔ አባት መሆኑን ይመሰክራል። ከዚያ፣ «አለ፤ ግን ተነቃይ አይደለም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ኖሯል። አባቴ ፊደል ቆጥሯል፤ እንግሊዝኛ አያነብም። ከቤታችን ዐሥረኛ ክፍልን ያለፈች የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። እኔ ተድሬ ስወጣ ወረቀቱን ወስዶ ለአናጺ ሰጠ። አናጺውም አባቴን ያከብራልና፣ ወረቀቱን በኮላ ሙጭጭ አድርጎ ጣውላ ላይ ለጠፈው፣ መስታወት አለበሰው፣ የዋንዛ ፍሬም አበጀለት፣ በዐሥራ ሁለት ምስማር መታው። አባቴ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጎን ግድግዳው ላይ ቸነከረው። እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚያየው መልአኩን ነው፤ ቀጥሎ የእኔን የጂኦግራፊ ውጤት፣ እሷም D ናት። እንግዶቻችን እንግሊዝኛ ስለማያነቡ D ለአራት ዓመት ተከብራ ኖራለች።

አባቴ «ነቅዬም ቢሆን እልካለሁ» አለ። መንገዱ ደግሞ በክረምት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ጭቃ አለ፣ ተገፍቶ የሚወጣ ዳገት አለ። ሐሙስ አልደረሰም። ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባሱ ሲገባ እኔ ሶልያናን አዝዬ፣ አሪየት የዓሣ ቅርጫቷን ይዛ መናኸሪያው ላይ ቆመን ነበር። ረዳቱ በኬሻ የተጠቀለለ፣ በኮባ ቅጠል የታሸገ ነገር በሁለት እጁ አቅፎ ወረደ። ከኋላው የወረዱት ተሳፋሪዎች ተራ በተራ እየተጠጉ ኬሻውን ተሳለሙት። አንዲት እናት፣ መንገዱን ሙሉ ጭናቸው ላይ አድርገው ያመጡት እሳቸው ኖረው፣ «ልጄ፣ ገብርኤል ነው ማርያም?» ብለው በለሆሳስ ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? ይኼን ሁሉ መንገድ ጭናቸው ላይ የያዙት የእኔን የጂኦግራፊ D ነው ልበል? «የአባቴ አደራ ነው» አልኩ። እሳቸውም «አደራማ ቅዱስ ነው» ብለው ደግመው ተሳለሙ። አሪየት ኬሻውን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «እኛ ቤተ ክርስቲያን ወረቀት አንስምም» ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች።

ኮሌጁ ኮፒም ይጠይቃልና ኮፒ ቤት ስንሄድ፣ ፍሬሙ ወፍራም ስለሆነ የማሽኑ ክዳን አልዘጋ አለ። የወጣው ኮፒ ዙሪያውን ጥቁር ነው፤ ወፍራም ጥቁር። ኮፒ አንሺው አየት አደረገና «ሟቹ ማን ናቸው?» አለኝ። ስሙን ሳነበው የኔው ነው።

ኮሌጁ ስንደርስ ኢንጂነር ብርሃኑ በር ላይ ይጠብቀናል። ደረጀ ተረኛ ስለሆነ በወኪልነት ልኮት ኖሮ፣ ሄልሜቱን አድርጎ ነው የመጣው፤ ለምዝገባ ሄልሜት ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅሁትም። የመመዝገቢያው መስኮት ላይ ያሉት ሰውዬ ፍሬሙን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ አገላበጡ፤ አስጠግተው አነበቡ። «እህቴ፣ ይኼ ኮሌጅ ነው፤ ኤግዚቢሽን አይደለም» አሉ። ማኅተሙ ጀርባው ላይ ነው አሉ። ጀርባው ጣውላ ነው አልኩ። አሪየት ከኋላ «ጣውላውን ምታው!» ብላ ጮኸች። ሰውዬው ማኅተሙን አንሥተው ለአፍታ አመነቱ፤ ደግነታቸው ያስታውቃል። ከዚያ «ጣውላ መዝገብ ውስጥ አይታጠፍም» ብለው አስቀመጡት። እስከ ዐሥር ሰዓት ወረቀቱን ብቻውን ካመጣሁ ይመዘግቡኛል። አለዚያ ለሚቀጥለው ዓመት።

ለሚቀጥለው ዓመት! ያቺን ቃል ስሰማ ፍሬሙን ከመስኮቱ መልሼ አቀፍኩት። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነው።

ብርሃኑ ይኼኔ «አምጪው፣ ይኼ የእኛ ሥራ ነው» ብሎ ነጠቀኝ። ከወርክሾፑ መዶሻ አስመጣ። ሠልጣኞች ከበቡን፤ ሁሉም ያውቃል፤ አንዱ ከላይ ምታው ይላል፣ አንዱ ከጎን። ብርሃኑ አንድ ጊዜ መታ፤ መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ሁለተኛ ጊዜ ሊመታ ሲያነሣ እጁን ያዝኩት። እኔ! የሰው እጅ የያዝኩት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው መሰለኝ። «ይቅር፣ እኔ ልየው» አልኩ። ብርሃኑ እጁን በመያዜ ሳይሆን በድምፄ ነው የደነገጠው፤ ከዚያ ቀን በፊት አልሰማውም ነበርና።

ዕቃ ሲከፈት መጀመሪያ መታየት ያለበት እንዴት እንደተዘጋ ነው፤ ይኼን ከጠጋኙ ነው የተማርኩት። ሶልያናን ለአሪየት ሰጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምስማሮቹን በጉጠት አንድ በአንድ አወጣሁ፤ መስታወቱን አነሣሁ፤ ፍሬሙ ወለቀ። ቀረ ኮላው። የመቲ አናጺ በኮላ አይቀልድም፤ ጥጉን በጥፍሬ ብሞክረው ወረቀቱ ሊቀደድ አለ። አንዱ ውኃ ነስንሺበት አለ፤ ብርሃኑ ቤንዚን አለ። ውኃም ቤንዚንም ማኅተሙንና ቀለሙን ይዞት እንደሚሄድ ማንም አላሰበም።

ቀና ስል የጥበቃው ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ከፀሐዩ የተነሣ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ጋምቤላ፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፤ ዶሮ እንኳ እግሯን የማታሳርፍበት ቆርቆሮ! ጣውላውን ወረቀቱን ወደ ላይ አድርጌ እዚያ ላይ አስቀመጥኩት፤ እንዳይነፍስበት የተሰነጠቀውን መስታወት ጫንኩበት። ከበው የነበሩት ሳቁ። «ውጤቷን ልታሰጣው ነው፤ እንደ ቋንጣ!» አለ አንዱ። «ደርቆ D ወደ C ይሸበሸባል» አለ ሌላው። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። የመስኮቱ ሰውዬ ብቅ እያሉ እኔን ያያሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። ያን ያህል ጊዜ ያለ ሥራ ቆሜ አላውቅም፤ ሰዓቱ እንደዚያ ሲሮጥም አይቼ አላውቅም።

ለዐሥር ሩብ ጉዳይ ላይ ጣውላውን በነጠላዬ ይዤ አወረድኩት፤ ፈጀኝ። ጥጉን ነካ ሳደርገው እንደ ማር ላላ አለልኝ። አሁን የሚገባበት ስስ ነገር ያስፈልጋል፤ ቢላዋ ይቀድዳል። አሪየት ምንም ሳልላት ዓሣ የምታንጠለጥልበትን ናይለን ክር ከቅርጫቷ አውጥታ «ይኼ የባሮን ዓሣ ችሏል፣ ወረቀት...» ብላ ጀመረችና፣ ሳቋ መጥቶባት ሳትጨርስ ሰጠችኝ። ክሩን በሁለት እጄ ወጥሬ በወረቀቱና በጣውላው መካከል ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ ሳብኩት። የከበበን ሁሉ ዝም አለ። ዝምታ እንዲህ ደስ የሚለው የሌላ ሰው ሲሆን ነው። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ተነሣ፤ ሙሉውን፣ ማኅተሙም ስሜም D-ዋም ጭምር።

መስኮቱ ላይ ስደርስ ለዐሥር አምስት ደቂቃ ይቀራል። ወረቀቱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ሰውዬው አፍንጫቸውን ያዝ አድርገው ጀርባው ላይ ማኅተሙን ጥፍ አደረጉልኝ። «የሙያ ምርጫ፤ ሦስት፣ በቅደም ተከተል» አሉና ቅጹን ዘረጉ። ይኼኔ የብርሃኑ ስልክ ጮኸ፤ ደረጀ ነው፤ «ጤና ነክ ካለ እሱን በላት» ይላል በድምፅ ማጉያው። ብርሃኑ በጆሮዬ «አንደኛ ሕንፃ ግንባታ፤ ሁለተኛና ሦስተኛውን እንደፈለግሽ» ይላል። ጋሽ ታምሩ እንኳ ከየት መጡ ሳልል በደረጀ ስልክ ውስጥ ከሩቅ ይሰማሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደም ግፊታቸውን ሊለኩ ሄደው እዚያው ናቸው።

እስክሪብቶውን ያዝኩ። አንደኛ ምርጫ፤ ኤሌክትሪክ። ሁለተኛ ምርጫ፤ ኤሌክትሪክ። ሦስተኛ ምርጫ፤ ኤሌክትሪክ።

ሰውዬው አነበቡና «እህቴ፣ ሦስት ምርጫ ነው የሚባለው» አሉ። «ሦስቴ መርጫለሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፤ ስልኩ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ዝም አሉ። አሪየት ሶልያናን ወደ ላይ አንሥታ «ተናገርክ!» ብላ እልል አለች። ሰውዬው ሰዓቱን አዩ፤ ሊያስተካክሉኝ ቢነሡ ዐሥር ሰዓት ሊሞላ ነው፤ የሚሄዱበትም ሳይኖራቸው አልቀረም። ፈረሙና መስኮቱን ዘጉ።

ሰኞ ዕለት ስሜ ሰሌዳው ላይ ወጣ፤ ኤሌክትሪክ። ደረጀ ማታ ማታ ተረኛ ሲሆን ጠዋት ሶልያናን እሱ ሊይዝ ተስማማ። «እንቅልፌስ?» ሲለኝ፣ ልጅ ያላት ሴት ለስንት ዓመት የጠየቀችውን ጥያቄ አሁን ነው ያገኘኸው አልኩት። ሰሞኑን ምላሴ ረዝሟል።

የቀረኝ አንድ ጭንቀት የአባቴ መስታወት ነበር። አራት ዓመት አንድ ጭረት ሳያገኘው ኖሮ እኔ ዘንድ አንድ ቀን አልዋለም። ይቅርታዬን ተዘጋጅቼ ደወልኩ። አባቴ ግን ስለ መስታወቱ ሊሰማኝ አልፈለገም። «ተመዘገብሽ?» አለ። ተመዘገብኩ አልኩት። «እንግዲያው ያንን አትመልሺው፤ ትንሽ ነው። ለመሐንዲስነቱ ሌላ አሠርቻለሁ፤ መስኮት የሚያህል። መስታወቱም ገብቶለታል፣ ከኋላው ጥቁር ካርቶን አለው፤ ይኼው ተሰቅሏል» አለኝ። ባዶውን? አልኩት። «እስክትደርሺ ባዶውን» አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወንድሞችሽ ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን ያበጥሩበታል፣ የጎረቤት ሴቶችም እሑድ ሲያልፉ ገባ ብለው ነጠላቸውን ያስተካክሉበታል አለኝ።

ስንቱ ተመርቆ ሥራ አጥቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ የእኔ ዲፕሎማ ገና ሳይወለድ ሙሉ ቀን ይሠራል።